የሦስት ደቂቃ ሾርባና ሦስት ምስክሮች

ውሃ ማፍላት ቀላል ነው የሚል ወንድ ውሃ አፍልቶ አያውቅም! እሱ የሚያውቀው የፈላውን ነው። እናቱ ወይ እህቱ አፍልታ ታቀርብለታለች፤ እሱ እፍ እፍ እያለ ይጠጣና «ውሃ ማፍላት ምን አለው?» ይላል። እናንተ ይህን የምታነቡ ወንዶች፣ እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ሃያ አራት ብርጭቆ ውሃ በአንዲት የከሰል ምድጃ ላይ ለመፍላት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? አታውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። አሁን ግን ልነግራችሁ እችላለሁ፤ አርባ ሰባት ደቂቃ። ጽፌዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ክልላችን ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። አሶሳ ላይ ሁሉም ነገር አዲስ ነበር። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ስም አዲስ... ወንበሩ ብቻ አሮጌ። እኔም በአንደኛው አሮጌ ወንበር ላይ ተቀምጬ የመዝገብ ቤት ሥራ እሠራ ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ መዝገብ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ፋይሉ ውስጥ አስገባዋለሁ። አብዛኛውን ትምህርቴን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከተዋስኳቸው መጻሕፍት ስለሆነ፣ አንድ ነገር በጽሑፍ ከመጣ አምነዋለሁ። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ጉዴ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የሥራ ሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ጠራኝ።

«የቋሚነት ፎርምህ አንድ ነገር ጎድሎታል» አለኝ። «የአሶሳ ቀበሌ መታወቂያ። ከኢድ በፊት ካላመጣህ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

ቀበሌ ሄድኩ። የቀበሌው ጸሐፊ ደግሞ «ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች መጥተው ነዋሪ ነው ብለው ይፈርሙልህ» አለኝ። ይኼማ ቀላል ነው ብዬ በደስታ ወጣሁ። (ውሃ ማፍላትም ቀላል ነው ብዬ አምን የነበረው በዚሁ ሰሞን ነው።)

የተከራየሁት ሀጂ ኸሊፋ ግቢ ውስጥ ነው። ሀጂ ኸሊፋ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ አንዲት ነጠብጣብ የማትታይ። ማታ በሩ ላይ ቁጭ ባሉበት ቀረብ አልኩና፦

«ሀጂ፣ ቀበሌ ሄደው ነዋሪ ነው ይበሉልኝ» አልኳቸው።

«ማን?»

«እኔ።»

«አንተማ እንግዳዬ ነህ!» አሉ በጣም ደስ ብሏቸው።

«ስድስት ወር ሆነኝ እኮ።»

«ማሻ አላህ! ጥሩ እንግዳ ነህ።»

«ኪራይ እከፍላለሁ...»

«ሆቴል ያደረም ይከፍላል። ነዋሪ ነው?»

ሀጂ ወደ ደጅ፣ መንገዱ ዳር ወዳለው ማንጎ ዛፍ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ያ ሰይድ» አሉኝ ስሜን በዐረብኛ ወግ ጠርተው፣ «ስማኝ። እዚያ ሥር ለማፍጠሪያ ስንት ትሪ ይወጣል?»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ ሰፈር በረመዳን ወንዶች ቤታቸው ውስጥ ሆነው አያፈጥሩም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማንጎው ሥር ሰሌን ይነጠፋል፤ እያንዳንዱ ቤት የሠራውን በትሪ ያወጣል፤ ሁሉም ከሁሉም ይበላል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ካለ እጁን ተይዞ ይቀመጣል። «አልራበኝም» አይሠራም። እኔም ከጾሙ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እጄን ተይዤ እየተቀመጥኩ ነው።

«ዘጠኝ ትሪ» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋኝም።

«የማን የማን?»

ዘጠኙንም ከነባለቤቶቻቸውና ከነምግባቸው ዘረዘርኩላቸው። ሀጂ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«የአንተስ?»

ዘጠኙን እንደገና በጣቴ ቆጠርኩ።

«አየህ? ረመዳን ነው፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። የአንተን ቤት ትሪ አላየሁም። ትሪ ያላወጣ ቤት የለውም። ቤት የሌለው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ክቡር ነው!» ብለው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

እውነቱን ለመናገር ከሥራው በላይ የቆጨኝ ይኼ ነው። ወላጆቼ ከወሎ ተነሥተው ባምባሲ አጠገብ የሰፈሩት እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ወሎ ያሉት ዘመዶቻችን «የሄዱት» ይሉናል። ባምባሲ «ሰፋሪዎቹ» እንባላለን። አሶሳ ደግሞ እንግዳ ሆኜ አረፍኩት! ዕድሜዬን ሙሉ ከየት እንደመጣሁ የሚነግረኝ እንጂ የት እንዳለሁ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ለጎረቤቴ ለመምህር ጌታነህ አወራሁት። ጌታነህ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ የእኔ ክፍልና የእሱ ክፍል በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። ክርስቲያን ነው፤ ግን ማንጎው ሥር ሲነጠፍ ከእኔ ቀድሞ የሚቀመጠው እሱ ነው።

«ምን አንገበገበህ ጃል?» አለኝ። «ሥጋው ወደ ማን ነው የሚገፋው? ወደ እንግዳ! ከርከዴው መጀመሪያ ለማን ይቀዳል? ለእንግዳ! እኔ እዚህ አገር እንግዳ እንደሆንኩ ጡረታ ብወጣ ደስታዬ ነው።»

«እኔ ትሪ ላወጣ ነው።»

«ምን ሠርተህ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። እኔ መሥራት የማውቀው ሻይና ቅቅል እንቁላል ነው። ቅቅል እንቁላሉም አንዳንዴ ያስቸግረኛል።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ነው፣ ከቢሮ ሾልኬ ገበያ ወረድኩ። ከሱዳን ጠረፍ፣ ከኩርሙክ በኩል ዕቃ የሚያመጣ አንድ ነጋዴ መደብ ላይ ሳሙናና ብስኩት ደርድሯል፤ ከብስኩቱ አጠገብ ደግሞ የሚያብረቀርቁ ቀጫጭን እሽጎች። እሽጉ ላይ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ሳህን፣ ግማሽ እንቁላል፣ የዶሮ ሥዕል አለ።

«ምንድነው ይኼ?»

«ሸሪያ» አለኝ። «ቀጭን ፓስታ በለው። ሾርባ ነው። ሦስት ደቂቃ ብቻ!»

«ከሦስት ደቂቃ በኋላስ?»

«ከሦስት ደቂቃ በኋላማ ትበላለሃ!»

ማንጎው ሥር አዘውትረው የሚቀመጡት አሥራ አንድ ናቸው። አንድ መንገደኛ አይጠፋም። አሥራ ሁለት እሽግ ገዛሁ።

ቢሮ ስመለስ ጀርባውን በጥንቃቄ አነበብኩ። ግማሹ ዐረብኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እያገዝኩ ተረጎምኩት፤ ለአንድ እሽግ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ሲፈላ ይጨመር፣ ሦስት ደቂቃ ይቀቀል፣ በትንሿ ከረጢት ያለው የቅመም ዱቄት ይጨመር። መጨረሻ ላይ «በአስቸኳይ ይቅረብ» ይላል። እኔ ግን በአስቸኳይ ተብሎ የመጣ ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ በየቀኑ የምመለከት ሰው ስለሆንኩ፣ ለአክብሮት የገባች ቃል መስላኝ አለፍኳት።

የቀረኝ ሰዓቱን ማወቅ ብቻ ነበር። ሾርባው ልክ አዛን ሲል ከእሳት መውረድ አለበት፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይዛነፍ። እንዳጋጣሚ ያን ዕለት አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ ሲመለስ የረመዳን ካርድ አምጥቶልኝ ነበር። ሠላሳውም ቀን በሠንጠረዥ ተሠርቶ፣ የማፍጠሪያው ሰዓት ከነደቂቃው ታትሞበታል። የታተመ ነገር! የዕለቱን ስፈልግ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አምስት ይላል። ሰዓቴን ከሬዲዮ ጋር አስተካከልኩ። ስሌቴን በወረቀት አሰፈርኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ሸሪያው ይገባል፣ ከአሥራ ሦስት ላይ ይወጣል፣ ሁለት ደቂቃ ለመሸከም። ተመልከቱልኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ጥንቃቄ አለ?

ትልቁን ድስት ያዋሱኝ የሀጂ ባለቤት እማማ ሐዋ ናቸው። ድስቱን ምድጃዬ ላይ ሲያዩት ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«ሰይድ፣ ድስት ትልቅ ነው፤ እሳት ትንሽ ነው። መቼ ነው የሚፈላ ይሄ? ለኢድ?»

«ይፈላል እማማ።»

«ለምን እኔ አልሠራልህም? ወንድ ልጅ...»

«አይሆንም! ከእኔ ቤት ነው መውጣት ያለበት።»

«እሺ፣ እሺ። አላህ ይርዳህ። እሳቱን አራግብ!»

አርባ ሰባት ደቂቃ አራገብኩ። ጾመኛ ነኝ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ፊት ለፊቴ ሃያ አራት ብርጭቆ ውሃ አለ። ጌታነህ በሩ ላይ ተደግፎ ያየኛል።

«አያ ሰይድ፣ አንተ እኮ ከውሃው በፊት ልትፈላ ነው!»

አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር። ሸሪያው ገባ። ከአሥራ ሦስት። ዱቄቱ ገባ፤ አሥራ ሁለቱም ከረጢት፣ አንድ ባንድ፣ ተቆጥሮ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ... ጨው! ዱቄቱ ጨው ይኑረው አይኑረው ጀርባው ላይ አልተጻፈም። መቅመስ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ጾመኛ።

«ጌታነህ! ና ቅመስልኝ!»

ጌታነህ ማንኪያውን ተቀብሎ ወደ አፉ አስጠጋና ቆም አለ። የእሽጉን ሥዕል አየ።

«ዶሮ ነው እንዴ?»

«የዶሮ ጣዕም ነው።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ ሰይድ!» ማንኪያውን መለሰልኝ። «እኔም ጾም ነኝ!»

ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው ፈለግን። እማማ ሐዋ ጾመኛ፣ ሀጂ ጾመኛ፣ በአጥሩ በኩል የሚያልፈው ሁሉ ጾመኛ። ግቢው ሙሉ ሰው ሆኖ አንድ የሾርባ ጨው የሚነግረኝ ምላስ ታጣ! እማማ ሐዋ «ምግብ የሚሠራ ሰው በምላስ ጫፍ ቀምሶ ይተፋል፤ ይፈቀዳል» አሉኝ። እኔ ግን ከሌሊት ጀምሮ ምንም ያልነካ ምላሴን አላመንኩትም፤ አንዴ ቀመስ ካደረገ የሚመለስ አልመሰለኝም። ጌታነህ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ በረጅሙ አሸተተ።

«ጨው ያንሰዋል» አለ በሙሉ ልብ።

«ጨው ይሸታል እንዴ?»

«አለመኖሩ ይሸታል!»

የሂሳብ አስተማሪ ነው ብዬ አመንኩት። አንድ እፍኝ ጨመርኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አምስት። ሾርባው እንደ ሥዕሉ ነው፤ ቢጫ መረቅ፣ የሚዋኝ ቀጭን ሸሪያ፣ እንፋሎት። ከሻይ ቤት የተዋስኳቸውን አሥራ ሁለት ማንኪያዎች በኪሴ ይዤ አዛኑን ጠበቅኩ።

አዛን የለም።

ከአሥራ ስድስት... ከአሥራ ሰባት... የለም። አጥሩ ላይ ወጥቼ ማንጎው ሥር አየሁ። ሰሌኑ እየተነጠፈ ነው። ማንም አልቸኮለም። ፀሐይዋን ስፈልጋት የት አገኘኋት መሰላችሁ? ከዛፎቹ በላይ! ቀይ፣ ክብ፣ የትም የመሄድ ሐሳብ የሌላት!

«ጌታነህ፣ ፀሐይ ዘገየች!» ብዬ ጮህኩ።

ካርዱን ተቀብሎኝ አገላብጦ አየው። ከሥር በኩል፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን መስመር ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «ለአዲስ አበባና አካባቢዋ።»

ከዚያ መሬት ላይ በእንጨት ክብ ሥሎ የኬንትሮስ ትምህርት ይሰጠኝ ጀመር። እኛ ወደ ምዕራብ ርቀን ነው ያለነው፤ ፀሐይ አዲስ አበባን ተሰናብታ እኛ ዘንድ እስክትደርስ ሩብ ሰዓት አለፍ ይላታል... በጣም ጥሩ ትምህርት ነበር። ደህና ሰዓት ላይ ቢሆን በደስታ እማረው ነበር። አዲሱ ክልላችን የራሱ ማኅተም፣ የራሱ ምክር ቤት ነበረው። የራሱ ፀሐይ መግቢያ እንዳለው ግን በየትኛውም ደብዳቤ አልደረሰኝም!

ድስቱ ላይ ስመለስ መረቁ ቀንሷል። ሸሪያው ወፍሯል። ደንግጬ ውሃ ጨመርኩ። ሸሪያው ጠጣው። እንደገና ጨመርኩ። እንደገና ጠጣው። ከእኔ በላይ የጠማው ነገር ግቢው ውስጥ ነበረና! መቼም ቀዝቃዛ እንዳይቀርብ ብዬ እሳቱን አላጠፋሁትም። አዛኑ «አላሁ አክበር» ሲል ማንኪያዬን ድስቱ መሃል ብተክለው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ልተወው አልኩ። ባዶ እጄን ልሂድ፣ ዳር ላይ ቁጭ ልበል፣ ሥጋው ወደኔ ይገፋ፣ ሥራዬም ይቅር... እማማ ሐዋ ግን ከኋላዬ መጥተው ትሪውን ድስቱ አፍ ላይ ገጠሙና ሁለቱን አንድ ላይ ገለበጧቸው። ድስቱን ሲያነሡት ሾርባዬ ትሪው ላይ ተቀምጧል። ቁጭ ብሏል ስላችሁ! ክብ፣ ቢጫ፣ የድስቱን ቅርጽ የያዘ፣ ስነካው ከወገቡ የሚንቀጠቀጥ።

«ሂድ» አሉኝ። «አትፍራ። ሰዎች ተርቧል።»

ይዤው ስወጣ ማንጎው ሥር ያሉት ሁሉ በቴምርና በከርከዴ አፍጥረው ጸሎታቸውን አድርሰው ተቀምጠዋል። ሰሌኑ ጸጥ አለ። መጀመሪያ አፉን የከፈተው ልብስ ሰፊው ኡስማን ነው። ኡስማን ሳይቀልድ የዋለ ቀን ያመዋል።

«ያ ሰይድ! የማን ትሪ ነው?»

«የእኔ።»

«ይሄ ሁሉ ክር ከእኔ ሱቅ ነው የተሰረቀ?»

ሰሌኑ በሳቅ ሞላ። እኔ ማንኪያዎቹን ከኪሴ ላወጣ ስታገል ሀጂ ኸሊፋ ትሪውን ወደራሳቸው ሳቡት። አላፌዙም፤ አልገረማቸውምም። በየቀኑ እንደሚያዩት ገንፎ በእጃቸው መሃሉን ጎድጎድ አደረጉና የባሚያውን ወጥ ገልብጠው አፈሰሱበት። ከዚያ ከዳር ቆርሰው፣ ነክረው፣ ጎረሱ። ሌሎቹ እጆች ተከተሏቸው። ማንኪያዎቹ ኪሴ ውስጥ ቀሩ።

ፊቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ተጨማደዱ። ጨው!

«ከርከዴ!» አለ ኡስማን። «ከርከዴ ስጡኝ! ሰይድ ነገንም በጥም ሊያስጾመን ነው!»

ጌታነህ አጎንብሶ የራሱን ጣቶች ይመረምር ጀመር። ያኔ ነው ሼህ ኢድሪስ የተናገሩት። ሼህ ኢድሪስ የሰፈሩ ሁሉ ታላቅ ናቸው። ዕድሜያቸውን አያውቁትም፤ ጥርሳቸው ካለቀ ግን ቆይቷል። በየማታው ገንፎ ብቻ ጎርሰው ሌሎቹ ሥጋ ሲያኝኩ ያያሉ። ሦስት ጊዜ ጎርሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ዶሮ» አሉ።

ኡስማን ለከርከዴው የዘረጋውን እጁን መለሰ።

«ዶሮ ይላል። ስንት ዓመቴ ነው ዶሮ ካፌ ከገባ... ያለ ጥርስ የሚበላ ዶሮ! አልሐምዱሊላህ!» አራተኛውን ጎረሱ። «ጨው ብቻ ትንሽ አነሰው።»

ከዚያ በኋላ ማን ይናገራል? ሼሁ የወደዱትን ሁሉም ወደደው። ትሪው ባዶውን ሆነ፤ ከርከዴውም እንደዚሁ። ሀጂ እጃቸውን ሲታጠቡ ጎናቸው ቆምኩ።

«ሀጂ፣ አሁንስ ትሪ አዩ? ነገ ቀበሌ እንሂድ?»

«አንድ ቀንማ ማንም ያወጣል» አሉኝ። «እስኪ አውጣ፣ አውጣ። ከኢድ በፊት እንሄዳለን። ግን እንደ ዛሬው!»

ችግሩ አሁን ገባችሁ? እንደ ዛሬው! በሦስት ደቂቃ የሚያልቀውን ሾርባ በየቀኑ በጥንቃቄ ማበላሸት ነበረብኝ። ውሃው አርባ ሰባት ደቂቃ፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ማወፈሪያ፣ ውሃ በሦስት ዙር... ሁሉንም ደብተሬ ላይ መዘገብኩ። ጨውን ቀነስኩ፤ ሼህ ኢድሪስ አኮረፉ፤ መለስኩ። ጌታነህ በየማታው እየመጣ «ፈጣን ምግብ ማለት ይኼ ነው?» ይለኛል። የኩርሙኩ ነጋዴ በበኩሉ ስመጣ ከሩቅ እያየ ደርዘኑን ያዘጋጅልኝ ጀመር።

ሰው ግን ትዕቢት አለው። እኔም ዝምተኛ ነኝ እንጂ አለኝ። ያ ሥዕል፣ ያ እንፋሎት፣ ያ ቢጫ መረቅ ዕረፍት ነሣኝ። እኔ እኮ በትክክል መሥራት እችላለሁ! እነዚህ ሰዎች አንድም ቀን ትክክለኛውን አልቀመሱም! ከኢድ በፊት ሀጂ «ነገ ቀበሌ» ባሉኝ ዋዜማ ልቤ አላስችል አለኝ። የአሶሳን ፀሐይ ስጠብቅ ቆየሁ። ሙአዚኑ ወደ መስጊዱ በር ሲራመድ አየሁና ሸሪያውን ጨመርኩ። ሦስት ደቂቃ። ዱቄት። አወረድኩ። በጎድጓዳ ሳህን፣ በሥዕሉ ልክ፣ እንቁላሉን እንኳ ገምሼ ጣል አድርጌበት አቀረብኩት።

ሰሌኑ ጸጥ አለ። እንደ መጀመሪያው ቀን ያለ ጸጥታ አልነበረም፤ የለቅሶ ቤት ጸጥታ ነው።

ሀጂ እጃቸውን ሰደዱ። ሸሪያው በጣቶቻቸው መሃል ሾልኮ ተመለሰ። እንደገና ሰደዱ። ሾለከ። ሼህ ኢድሪስ አንዲት ክር ይዘው ወደ አፋቸው ሲስቡ ጺማቸው ላይ ተጠመጠመች። ኡስማን እንኳ አልቀለደም።

«ሰይድ» አሉ ሀጂ በቀስታ። መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። «አሞሃል?»

«ደህና ነኝ ሀጂ። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ...»

«ከቤት መጥፎ ወሬ መጣ? ባምባሲ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ይሄ የሰይድ አይደለም» አሉ ሼህ ኢድሪስ ጺማቸውን እየፈቱ። «ይሄ ሌላ ሰው ሠራ። እንግዳ ነው የሠራው።»

እንግዳ! ጌታነህ ከማዶ በዓይኑ «አንሣው! አንሣው!» ይለኛል። ሳህኑን አንሥቼ ሮጥኩ። ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት፣ ከሰል ጨመርኩ፣ አራገብኩ፣ ውሃ ጨመርኩ። እንቁላሉም አብሮ ቀለጠ። ከእኔ ትሪ በቀር ያሉት ዘጠኙ ተበልተው አለቁ። ቴምሩ አለቀ። ማንም ግን ከሰሌኑ አልተነሣም። ቢጫውን ጉብታ ይዤ ስመለስ እጆቹ ሁሉ ሳይጠየቁ ተዘረጉ፤ ሀጂም ባሚያውን ቀድተው አስቀምጠውልኝ ኖሯል።

«አሁን ተሻለው!» አሉ ሼህ ኢድሪስ። ስለ ምግቡ ይሁን ስለ እኔ አልጠየቅኳቸውም።

በማግስቱ ሀጂ ኸሊፋ፣ ሼህ ኢድሪስና ኡስማን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገብተው አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ጸሐፊው ፎርሙን ዘርግቶ ስማቸውን ጻፈ። ከዚያ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«'ነዋሪነቱን በምን እንዳወቁ' ይላል። በምን አወቁ?»

ሼህ ኢድሪስ ወደ ኡስማን አዩ። ኡስማን ወደ ሀጂ አየ። ሀጂ ጀለቢያቸውን አስተካከሉ።

«ትናንት ምግብ ልክ አድርጎ ሠራ» አሉ። «ሰፈሩ በሙሉ ደነገጠ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ አየኝ። «ምን ብዬ ልጻፈው?»

«እንደተባለው ጻፈው» አልኩት። «ቃል በቃል።»